ለቃልሽ ዋስ ማነው?

ነጩ ፒክአፕ የመሐል ሜዳ ከተማን የጠዋት ጉም እየገፋ ወደ ጋራዡ ግቢ ሲገባ፣ ፍሬሕይወት መጀመሪያ ያየችው መኪናውን አልነበረም። መሪ የያዘውን ሰው ነው። ምስክር! ስልኩን ማንሳት ካቆመች ሰንብታለች፤ የላከላትን መልእክት ሁሉ ሳታነብ ስትደመስስ ነው የከረመችው። «ረስቼዋለሁ፣ አበቃ» ብላ ለራሷ ስትምል የሰነበተች ልጅ፣ ያንን ፊት በመስታወቱ ውስጥ ስታይ መፍቻው ከእጇ አምልጦ እግሯ ላይ ወደቀ። ይሰማታል እንዴ! ሕመሙ የመጣላት ቆይቶ ነው።

ደግሞ ብቻውን አልመጣም። ከኋላ አባቱ አቶ ወልደ ጻድቅና እናቱ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ተቀምጠዋል። ከጎኑ ያሉት ሰውዬ አቶ ይታየው ናቸው፤ የራቤሉ የበግ ነጋዴ። ፍሬሕይወት ሰውየውን በሩቁ እንጂ በቅርብ አታውቃቸውም፤ ልጃቸው እየሩስ ለምስክር እንደታጨች ግን ከተማው ሁሉ ነግሯታል። ሰው ለመጥፎ ወሬ መቼ ይሰንፋል! ከምስክር ጋር ያቆራረጣት ይኸው ወሬ ነው። እውነት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችውም፤ ስልኩን ብቻ ዘጋችበት።

ነገሩ ከመጀመሪያውም ቀላል አልነበረም። ፍሬሕይወት የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ናት። አባቷ የሚሠራውን ማረሻና ማጭድ የአገሩ ገበሬ ሁሉ ይገዛል፤ ቤቱ ገብቶ ግን እህል አይቀምስም። «ባለእጅ ናቸው፣ አይናቸው ይበላል» ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። ደብረ ብርሃን ሄዳ የመኪና ጥገና ተምራ ስትመለስ፣ ያው ስም ከደጃፉ ቆሞ ጠበቃት። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ልጃቸው እሷን መውደዱን የሰሙ ዕለት «መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ፤ ከባለእጅ ቤት ምራት የምታመጡት ከዚያ በኋላ ነው» አሉ ተባለ። ምስክር ምን ብሎ እንደመለሰላቸው ግን የነገራት ሰው የለም። ያልተነገራት ነገር ከተነገራት የበለጠ ሲያቃጥላት ከረመ።

አቶ ወልደ ጻድቅ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወረዱ።

«ተገኘ የለም? ከይታየው የገዛሁትን መኪና እንዲያይልኝ ነበር» አሉ። ተገኘ የጋራዡ ባለቤት፣ የፍሬሕይወት አጎት ነው።

«ለቅሶ ሄዷል አባባ። እኔ አለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እንግዲያው ሌላ ቦታ እንውሰደው።»

«ሌላ ቦታ አንሄድም» አለ ምስክር፣ አይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «እሷ ትየው። እሷ ካላየችው እኔ አልነዳውም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቃል ሰምታ ልቧ በደስታ ይዘል ነበር። አሁን ግን እንደ ጥፊ ነው ያረፈባት። ‹ወይ አንተ!› አለች በልቧ። ‹ሙሽሪትን የምትጭንበትን መኪና እኔው መርምሬ፣ እኔው መርቄ ልሸኝህ? ይህን ያህል ጨክነሃል?› ልጁ ግን ፊቷን ለማየት ሌላ ሰበብ አጥቶ ነበር የመጣው። እሷ ይህን በምን ትወቅ!

አቶ ይታየው ሳቅ ሳቅ እያሉ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ምን መመርመር ያስፈልጋል? ይኸው ዋስትና አለው። ደብረ ብርሃን ስገዛው የመኪና ሻጩ የሰጠኝ ነው፤ ጊዜው ገና አላለፈም።»

ፍሬሕይወት እጇን በጨርቅ ጠርጋ ተቀበለቻቸውና ቆማ አነበበችው። «ይህ ዋስትና ሞተሩንና ካምቢዮውን ብቻ ነው የሚሸፍነው አቶ ይታየው። መኪናውን የሚሸከመውን ሻንሲ አይጨምርም፣ በግጭት የመጣ ጉዳትንም አይጨምርም። ደግሞ በእርስዎ ስም ነው፤ መኪናው ከተሸጠ ለገዢው አያልፍም ይላል።»

«ይበል ተይው!» አሉ ሰውየው። «እኔና ወልደ ጻድቅ በወረቀት ነው እንዴ የምንተማመን? ዛሬ እኔ ቤት ቃል እናስራለን፤ ነገ የልጅ ልጅ አብረን እናቅፋለን።»

ወረቀቱን መልሳ ሰጠቻቸው። ወዲያው ኮፈኑን ከፈተች።

ሞተሩ ደህና ነው። ዘይቱ ንጹሕ፣ ድምፁም የተስተካከለ ነበር። ቀለሙ ግን አላማራትም፤ ከኋላ በር ላይ ማግኔት ብታስጠጋ አልያዘም። ከቀለሙ ስር ስቱኮ ተለስኗል ማለት ነው። የኋላ ጎማዎቹም በአንድ ወገን ብቻ ተበልተዋል። መኪናውን የጋራዡ መመርመሪያ ጉድጓድ ላይ አስቁማ የእጅ ባትሪዋን ይዛ ከስሩ ገባች።

ሻንሲው ዙሪያውን በካትራም፣ በጥቁሩ ሬንጅ፣ ተቀብቷል። ለዝገት ብለው ይቀባሉ፤ ይህ ነውር የለውም። ነገር ግን ከጋቢናው ጀርባ ባለው ቦታ ላይ ካትራሙ ወፍሮ ተለጥፏል። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ከስሩ የብየዳ ጠባሳ ብቅ አለ። ወዲያኛውን ወገን ፋቀች፤ እዚያም ብየዳ። ይህ መኪና ተገልብጦ ወገቡ ለሁለት ተቆርጦ ነበር! ይባስ ብሎ በግራ በኩል ብየዳው ራሱ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ የጥፍሯ ጫፍ ገባበት። ጭነት ይዞ የራቤልን መንገድ ሲወርድ ምን እንደሚሆን አወቀችና እዚያው ጨለማ ውስጥ ድርቅ አለች።

ታዲያ ምን ትበል? ‹ተሰብሯል› ካለች፣ ምቀኛ ናት ይሏታል። የእየሩስን ጋብቻ ልታፈርስ ፈልጋ ነው ይሏታል። ከዚህም የከፋው ይመጣል፦ ሲመጣ ደህና የነበረ መኪና ባለእጇ ስታየው ተሰነጠቀ ይሏታል። ስንጥቁን በጣታቸው ቢነኩት እንኳ ያገኘችው ሳይሆን የሰነጠቀችው እሷ ትሆናለች። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ስለተሰበረ ብረት ምን ብላ ትመስክር!

ከላይ የወይዘሮ አስካለ ማርያም ድምፅ ተሰማት። «ምነው ይህን ያህል ቆየች? አይኗን ቶሎ ብታነሳልን ምን አለ።»

ፍሬሕይወት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አዳመጠች። የእናትየውን ነገር ትታዋለች፤ ለምዳዋለች። የምትጠብቀው የምስክርን ድምፅ ነው። ‹ተይ እማዬ› ቢል ይበቃታል። ‹ተይ› ብቻ! ከጉድጓዱ አፍ ላይ የጫማውን ጫፍ ታየዋለች። ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ምስክር ምንም አላለም።

ልቧ ቁርጥ አለ። ባትሪዋን አጥፍታ ወጣች።

«ደህና ነው» አለች። «ምንም የለበትም። መልካም መንገድ።»

ምስክር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። አይኑ ቀልቷል፤ ከስቷል። «ፍሬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ደህና ነው አልኩህ እኮ!»

«አንቺ ካልሽ ደህና ነው» አለ በቀስታ። ከዚያ በኋላ ማንንም ሳይጠይቅ መሪውን ያዘ። እንዲህ አድርጎ የሚያምናት ከሆነ ለምን ዝም እንዳለ አልገባትም፤ ያን ሰዓት ከምንም በላይ የጎዳት ይኸው እምነቱ ነው።

ሰዎቹ ተሳፈሩ። ከኋላ ለአማቾች ቤት የተያዘ የገብስ ጆንያ ተደርድሯል፤ የታሰረ ሙክትም አለ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹና አማተቡ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ። አንተ በሰላም አግባን» አሉ። ድምፃቸው ፍሬሕይወት ጆሮ ደረሰ። የምትጠላቸው ሴትዮ ድምፅ አልመሰላትም። ቁልቁለት የሚፈሩ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ በቃ።

መኪናው ተነሳ። በግቢው በር ላይ ያለችውን ትንሽ ቦይ ሲሻገር ጋቢናው ቀደመ፣ ጭነቱ ያለበት ወገን ደግሞ ዘግይቶ ተከተለ። ሌላ ሰው አያየውም፤ እሷ አየችው።

«ወይኔ! ምን አደረግሁ?» አለች።

ከዚያ ሮጠች። «ቁም! ምስክር፣ ቁም!» እያለች እየጮኸች ከመኪናው ቀድማ መንገዱ መሐል ገባችና ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። ፍሬኑ ሲጢጥ አለ። የኮፈኑ ሙቀት ፊቷ ላይ እስኪሰማት ድረስ ነው የቀረባት።

«አብደሻል እንዴ?» ብለው አቶ ይታየው በመስኮት ጮኹ።

«ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ! ሻንሲው ተሰብሮ የተበየደ ነው። ብየዳው ደግሞ ተሰንጥቋል። ቁልቁለቱን አይጨርስም።»

«ቅድም ደህና ነው አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነበር» አለች ፍሬሕይወት። «ዋሸኋችሁ።»

አላፊ አግዳሚው መቆም ጀመረ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ደረታቸውን ይዘው፣ «አይኗ ነው! አላልኳችሁም? እስካሁን እንደ ልቡ ሲሄድ የመጣ መኪና ከእሷ ስር ገብቶ ሲወጣ ተሰበረ!» አሉ። አቶ ይታየውም አገኘሁ ብለው ተቀበሏቸው። «ምቀኝነት ነው እንጂ! ልጅዎን ያጣች ኮረዳ የምታወራውን ሰምተን ልንቆም ነው?»

አቶ ወልደ ጻድቅ በዝግታ ወረዱ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በገበያቸው ሕግ፣ በሬ የሚሸጥ ሰው፣ በሬው ሲጠመድ የማይተኛ፣ የተደበቀ ሕመም የሌለበት ለመሆኑ የታወቀ ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱ በሕዝብ ፊት «እኔ አለሁ» ይላል፤ በሬው ጉድ ካወጣ ተጠያቂው እሱ ነው። ይህን ዓይነቱን ዋስ አቶ ወልደ ጻድቅ ከማንኛውም ማኅተም በላይ ያከብሩታል። ዛሬ ግን መኪና በሬ አይደለም ብለው፣ ደግሞም አማቼ ነው ብለው፣ ሳይጠይቁ ቀርተው ነበር።

«ይታየው» አሉ፣ «ዋስ ጥራ።»

«ወረቀቱን አሳየሁህ አይደል?»

«ወረቀቱን ልጅቷ አንብባ አሰምታኛለች። ሰው ጥራ። ገበያተኛው ሞልቷል፤ የሚያውቅህም አይጠፋም። ከነዚህ አንዱ ‹መኪናው ነውር የለበትም፣ እኔ ዋስ ነኝ› ይበለኝና እንሂድ።»

አቶ ይታየው የተሰበሰበውን ሰው አዩ። የሚያውቋቸው የበግ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አንዱን በስሙ ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «በአማች መካከል ዋስ ነውር ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ፍሬሕይወት ዞሩ። «አንቺስ? በአንድ አፍሽ ደህና ነው አልሽ፣ በዚያው አፍሽ ተሰብሯል አልሽ። የትኛውን ልያዝ? ለቃልሽ ዋስ ማነው?»

ፍሬሕይወት ዙሪያዋን አየች። አጎቷ የለም። አባቷን ማን ዋስ አድርጎ ይቀበለዋል? አይኗን የሚሸሽ ሰው እንጂ የሚቀበላት አላገኘችም። ብቻዬን ነኝ ብላ ልትናገር አፏን ስትከፍት የመኪናው በር ተከፈተ።

«እኔ ነኝ» አለ ምስክር።

ልጁ መጥቶ ከጎኗ ቆመ፤ ሲሚንቶ እንደተጫነበት ሰው ትከሻው ዝቅ ብሏል፣ ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ለፍሬሕይወት ቃል እኔ ዋስ ነኝ አባባ።»

«ዋስ የሆነ ሰው የሚያጣውን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ከቤትዎ አልገባም፤ ከመሬትዎም አልካፈልም።»

«ልጄ!» ብለው እናቱ ጮኹ።

ፍሬሕይወት ክንዱን ያዘችው። ሰው ይያት አይያት አላሰበችም። «ምስክር ተው! መጀመሪያ ግባና እይ። ሳታይ እንዲህ አትበል።»

«ሳላይ ነው ዋስ የምሆነው» አላት። «ካየሁ በኋላማ ማንም ይሆናል።»

ያን ጊዜ ስንት ሳምንት የታፈነው እንባ መጣ። ልትከለክለው አልቻለችም፤ አልፈለገችምም።

አቶ ወልደ ጻድቅ ባትሪውን ከእጇ ወስደው መሬት ላይ በጀርባቸው ተጋደሙና ከነበርኖሳቸው ከመኪናው ስር ገቡ። «ከጋቢናው ጀርባ፣ በግራ በኩል ነው አባባ» አለች እየተንሰቀሰቀች። ሰው ሁሉ እግራቸውን እያየ ቆመ። ቆዩ። ሲወጡ ጣታቸው ካትራም ነክቶታል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ጣቴ ገባ» አሉ። ከዚያ ወደ አቶ ይታየው ተጠጉ። «ልጅህን በዚህ ጭነህ ቁልቁለት ትወርድ ነበር?»

አቶ ይታየው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሲናገሩ ያልተለያቸው ሳቅ ከፊታቸው ጠፍቷል። «እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት ወልደ ጻድቅ። ወደ ቤት ካመጣሁት በኋላ ነው ያወቅሁት። ምን ላድርግ? ለማን ልጩህ?»

«ለእኔ መጮህ ነበረብህ» አሉ ሽማግሌው። «አንተ ግን ለእኔው ሸጥኸው።»

ሰውየው ከሐፍረት አንገታቸውን ቀና አላደረጉም። ወደ መሪው ሊሄዱ ሲሉ ፍሬሕይወት እንባዋን እየጠረገች መንገዳቸው ላይ ቆመች። «አይንዱት አቶ ይታየው። እርስዎም ሰው ነዎት። እዚሁ ይቁም፤ በአውቶብስ ይሂዱ።» ሰውየው ቁልፉን ከመኪናው ነቅለው እጇ ላይ አኖሩትና ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ከመኪናው ሲወርዱ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። አጥሩ ስር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፍሬሕይወትን በጣታቸው ጠሩ። ሄዳ ከፊታቸው ቆመች።

«ቅድም ደህና ነው ስትይ እኔ እንደምሳፈር ታውቂ ነበር?»

መዋሸት ይቻላት ነበር። «አውቅ ነበር እማማ» አለች።

«ታዲያ ለምን ተመለስሽ?»

«ሲያማትቡ ሰማሁዎት። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አይናቸው ላይ አደረጉ። «እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን» አሉ በመጨረሻ፣ «እንዲያ የተናገረችኝን ሴት ለማዳን የምሮጥ አይመስለኝም።» ፍሬሕይወት ከዚህ ሌላ አልጠበቀችም።

ምስክር ከጋራዡ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃት ነበር። ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ለምን ዝም አልክ?» አለች። «ያን ሁሉ ጊዜ። ቅድም እንኳ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ አንዲት ቃል ስጠብቅ።»

«ፈራሁ» አለ። «አባቴን ፈራሁ፣ የእናቴን መርገም ፈራሁ። ለእየሩስ እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም። ዝም ስል ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ልነግርሽ ስደውል ደግሞ ስልክሽ ዝግ ነው።»

«እኔ እኮ ዋሸሁህ ምስክር! እናትህን ገደል ልከታት ነበር። በኩራት! በቁጭት! እንዴት ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ዋስ ትሆናለህ?»

«ለዋሸሽው አይደለም ዋስ የሆንኩት። ለተመለስሽው ነው። እኔ ዝም ማለት ከጀመርኩ ወዲህ መመለሻ ጠፍቶኝ ነበር፤ አንቺ ግን በሰው ሁሉ ፊት ‹ዋሸሁ› ብለሽ ተመለስሽ። ሳይሽ አፈርኩ። ከዚያ በሩን ከፈትኩ።»

እጁን ዘረጋ። የሷ እጅ በካትራም የጠቆረ ነው፤ ልትደብቀው ስትል ቀድሞ ያዘው።

«ፍሬሕይወት!»

የጠሯት አቶ ወልደ ጻድቅ ናቸው። በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። ሁለቱም ደንግጠው ተላቀቁ። ሽማግሌው በርኖሳቸው አቧራ እንደለበሰ ቀረቡና፣ ልጃቸውን ሳያዩ እሷን ብቻ እያዩ ጠየቁ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ያውቃሉ እኮ! አገር የሚያውቀውን ነው የሚጠይቋት። ግን በዚያ አገር ሽማግሌ ቆሞ የማን ልጅ ነሽ ሲል ዝም ብሎ ወሬ አይደለም፤ የጋብቻ ጥያቄ መነሻ ነው። ፍሬሕይወት ዕድሜዋን ሁሉ ይህን ጥያቄ በአጎቷ ስም፣ በሰፈሯ ስም ስታልፈው ኖራለች። ዛሬ ማለፍ አልፈለገችም።

«የኪዳነ ወልድ ልጅ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። «የብረት ቀጥቃጩ።»

አቶ ወልደ ጻድቅ በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወድጄ እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን ታይቶ አይታወቅም፤ ዘመድ ይቆጣል፣ ከድግሳችን የሚቀርም አለ። ግን ልጄ በሕዝብ ፊት ዋስሽ ሆኗል፤ እኔም ሰምቼ ተቀብያለሁ። ከዚህ ወዲያ የማይተዋወቅ ሰው መምሰል አይሆንልኝም።» «አባትሽ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ይገኛል?»

ፍሬሕይወት ከኋላዋ ምስክር እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማችው። ያን ጊዜ ቀና ብላ የሽማግሌውን አይን ሳትሸሽ እያየች፣ «ይገኛል» አለች።